በሌለሁበት የሚነገረው ስሜ

ለስምንት ዓመታት የጤና ጽሑፎችን ስተረጉምና ሳርም ኖሬያለሁ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በሌሊት የመድኃኒት መመሪያ ስታነብ አስረጂ ሳያስፈልጋት እንድትረዳው ማድረግ ለእኔ የሙያው ክብር ነው። ሰዎችም በዚህ የሚያውቁኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአንድ ድርጅት ስትጠቁመኝ የመልእክቱን ግልባጭ ለእኔም ላከችልኝ። ስለ እኔ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «ማታ ብትልኩላት ጠዋት ታደርስላችኋለች፤ እንደ እሷ ፈጣን አታገኙም።» ልታመሰግነኝ ብላ የጻፈችው ነው። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጽሑፌ ጥራት አንድም ቃል አልነበረበትም።

«የግል ብራንድ» የሚባለውን፣ ማለትም የአንድ ሰው ስም ሲነሣ በሌሎች አእምሮ የሚመጣውን ምስል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የነጋዴና የታዋቂ ሰው ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። አገላለጹን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥራ አመራር ጸሐፊ ቶም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ፋስት ካምፓኒ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው። «ብራንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ግን ከንግድም ይቀድማል፤ ከእሳት ጋር የተያያዘ ነው። ከብት ከሌላው መንጋ እንዲለይ በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር። ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ከብቱ የራሱን ምልክት አያየውም፤ የሚያዩት ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ ሥራዬን በመጠየቅ ጀመርኩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረቡት «የጆሃሪ መስኮት» የሚባል ዘዴ አለ፤ ስሙም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተቀጣጥሎ የወጣ ነው። ሰውን አራት ክፍል ባለው መስኮት ይመስለዋል፦ እኔም ሌሎችም የምናውቀው፣ እኔ አውቄ የምሰውረው፣ ሌሎች አይተውት እኔ የማላየው፣ ማናችንም የማናውቀው። እኔን ያሳሰበኝ ሌሎች አይተውት እኔ የማላየው ነበር። ለሰባት ሰዎች ጻፍኩ፤ ወዳጆቼ ብቻ እንዳይሆኑ፣ ሥራ መላክ ያቆሙ ሁለት የቀድሞ ደንበኞቼንም ጨመርኩ። የጠየቅኳቸው ሁለት ነገር ነው። ስለ እኔ ለሌላ ሰው ብትነግሩ በምን ቃል ትጀምራላችሁ? ለእኔ የማትሰጡኝ ሥራ የትኛው ነው?

እንደ እኔ ለመሞከር ለሚያስብ ሰው አጥብቄ የምለው ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳይተው ነው። የመጀመሪያው ምስጋና ያመጣል። በሁለተኛው ግን አንዱ የቀድሞ ደንበኛዬ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ጊዜ ተወስዶ ሊታሰብበት የሚገባውን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አንቺ የጥድፊያ ጊዜ ሰው ነሽ።» ከሰባቱ አምስቱ «ፈጣን» ብለው ነበር የጀመሩት።

ይህን ማን አስተማራቸው? የሦስት ወር መልእክቶቼን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ከመኝታ ተነሥቼ የመለስኳቸው፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሜ ያስረከብኳቸው፣ ከእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ «በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ» የሚል ቃል። ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ ያውም በትጋት።

መጀመሪያ መፍትሔውን በቃላት ፈለግኩ። ስለ ራሴ የተጻፈውን መግለጫ ቀየርኩ፤ አዲስ ፎቶግራፍ ተነሣሁ፤ ለሁለት ወራት በየቀኑ ስለ ግልጽ አጻጻፍ አንድ ነገር በማኅበራዊ መገናኛ አወጣሁ። አንባቢ አልጠፋም፤ የሚመጣልኝ ሥራ ግን ያው የሌሊቱ ሥራ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ «ጽሑፎችሽ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንቺ ስትናገሪ አይሰማኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ድምፁን ከሌሎች ነበር የወሰድኩት።

ለውጥ ያመጣው ሥራውን ማሳየቴ ነው። ባለቤቱን አስፈቅጄ አንድን አንቀጽ ከእርማት በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው «በቀን ሦስት ጊዜ በእኩል የጊዜ ልዩነት ይወሰድ» ይላል። የእኔው «በየ8 ሰዓቱ አንድ እንክብል ይዋጡ» ነው። ከሥሩም ምክንያቱን ጻፍኩ፦ ብዙ ሰው «ሦስት ጊዜ» ሲባል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብሎ ይረዳዋል፤ የሌሊቱ ክፍተት ይረዝማል። ይህች ትንሽ ምሳሌ የሁለት ወር ጽሑፌ ያላመጣውን አመጣች። ሰዎች «የእኛንም እንዲህ አድርጊልን» ማለት ጀመሩ።

ከባዱ የጊዜው ነገር ነበር። ለአዳር ሥራ «ሦስት ቀን ያስፈልገኛል፤ አንዱን ቀን ጽሑፉን ከሙያው ውጪ የሆነ ሰው እያነበበልኝ የሚደናቀፍበትን ቦታ የማዳምጥበት ነው» እያልኩ መመለስ ያዝኩ። ምክንያቱን መናገሬ ጠቅሞኛል፤ ቀኑን ብቻ ብናገር ኖሮ የሰነፍኩ ይመስል ነበር። ቢሆንም ሁለት ደንበኞች ትተውኝ ሄዱ፤ ለአራት ወራት ገቢዬ ቀነሰ። ይህን የምታስቡ ካላችሁ መቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ ሳትይዙ አትጀምሩ። እኔ ትንሽ ቆጥቤ ስለነበር ነው ወደ ቀድሞው ያልተመለስኩት።

ስሜን በኢንተርኔት ፈልጌ የቆዩ መግለጫዎችን ያጠፋሁት በአንድ ከሰዓት ነው፤ ብዙ አይወራበትም። ፍጥነቴን ግን አልካድኩትም። የራሴ ነው፤ በእውነት የቸኮለ ጉዳይ ሲመጣም እጠቀምበታለሁ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ለእነዚያው ሰባት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ላክሁ። አንዱ አልመለሰም። አራቱ ስለ ግልጽነት ጻፉ። ሁለቱ አሁንም «ፈጣን» ብለው ይጀምራሉ፤ ከእነሱ አንዱ ባለፈው ሳምንት ማታ ሥራ ልኮ ለጠዋት እንዳደርስለት ጠየቀኝ። ሦስት ቀን እንደሚያስፈልገኝ ጽፌለት መልሱን እየጠበቅኩ ነው።