ፓርኪንግ ልከፍል ሄጄ

ባለቤቴ ነገሩን የነገረችኝ ድልድዩ መሃል ላይ ስንደርስ ነው።

የቼሳፒክ ቤይን ድልድይ የተሻገረ ሰው ያውቀዋል። ከአናፖሊስ ወጣ እንዳልክ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ትሄዳለህ። መሃሉ ሽቅብ ይወጣል፤ ግራህም ቀኝህም ውሃ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ወደ ኦሽን ሲቲ እየሄድን ነበር። በጋ ሲመጣ ግማሹ ሜሪላንድ የሚሰደድባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከኋላ ወንበር ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው "ቅዱስ ገብርኤል፣ አደራህን" ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ምግብ እየለፈለፍኩ ነው።

"እማማ፣ ለስንት ዓመት ስመላለስ ያጠናሁት ከተማ ነው። የት እንደሚበላ እኔን ይጠይቁኝ። መጀመሪያ ድንች ጥብስ፣ ከዚያ ዶሮ፣ ማታ አይስክሬም..."

ባለቤቴ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

"ዛሬ ስንት ነው?"

"ኦገስት አስር።"

"በእኛስ?"

በእኛ ነሐሴ አራት ነው። ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ። ሆቴሉን በመጋቢት ስይዝ ያየሁት የፈረንጁን ካሌንደር ብቻ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ አይመለስም።

አማቴ ፍልሰታን እንደ ነገሩ አይጾሙም። ሥጋና ወተት መተው ለሳቸው ሀሁ ነው። ዓሣም አይነኩም። "ዓሣ እኮ ይበላል" ብሎ ከሳቸው ጋር ክርክር የጀመረ ሰው አንድ አውቃለሁ፤ እስካሁን ቤታቸው አልተጠራም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ድልድዩ አልቆ መሬት ስንረግጥ ዓይናቸውን ገለጡና "አይዞህ ልጄ፣ አንተም አብረኸኝ ስለምትጾም አይከብደኝም" አሉኝ።

ምን ልበል? "አዎ እማማ" አልኩ። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስልኬ ላይ "የት ልብላ" ብዬ የጻፍኩት ዝርዝር ነበረኝ። ከድልድዩ እስከ ከተማው ባለው የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ በሐሳቤ አንድ በአንድ ስሰርዘው መጣሁ። ደምሰርስ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይስክሬም ይሸጣል፤ ወተት ነው፣ ይሰረዝ። ዶሮው ይሰረዝ። ዶልስ ከ1910 ጀምሮ ከረሜላ ይሸጣል። የከረሜላው ስም "የጨው ውሃ ታፊ" ነው፤ የባሕር ውሃ ግን የለበትም። እሱንም ለማንኛውም በጥርጣሬ ሰረዝኩት። በመጨረሻ የተረፈኝ ድንች ብቻ ሆነ። ለሦስት ቀን።

ኦሽን ሲቲ ውስጥ ባሕሩን ይዞ የሚሄድ የእንጨት መንገድ አለ፤ ቦርድዎክ ይሉታል። ወደ ሦስት ማይል ይጠጋል። ባንዱ በኩል አሸዋ፣ በሌላው በኩል ሱቅ። ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ እዚያ መንገድ ላይ ቁርስ ያልበላ ሰው ሆናችሁ ሂዱና ንገሩኝ። ካራሜሉ ይሸታል። ሊጡ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጮሃል። ልጆቼ ጾም የለባቸውምና ለአንድ ቁራሽ ፒዛ አስር ደቂቃ እየወሰዱ ፊቴ ላይ ያላምጣሉ።

"አባዬ፣ አያቴ መቼ ነው የሚበሉት?" አለኝ ትንሹ።

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"ዘጠኝ? እኔ እኮ ያኔ ተኝቻለሁ!"

የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ለማስረዳት ሞከርኩ። ስድስት ቀንስ፣ አይ ጨምር... እኔም ተምታታብኝ። ምሳዬን ያሰብኩት ሁሉ ራቀብኝ።

ሐሳቤን ልለውጥ ብዬ ለአማቴ አስጎብኚ ሆንኩ። በስተደቡብ ጫፍ ያለውን የውሃ መግቢያ አሳየኋቸው። "ይሄ ድሮ አልነበረም። በ1933 በኦገስት ወር አውሎ ነፋስ መጣና ደሴቱን ለሁለት ቆርጦ ባሕሩን አስገባው። ያኛው ማዶ አሳቲግ ይባላል፤ የዱር ፈረሶች አሉበት።"

"በምን ወር አልክ?"

"ኦገስት።"

"ልክ እንደ አሁን?" ነጠላቸውን አጠበቁ። "በል ከዚህ ራቅ እንበል።"

ሰባት ሰዓት ሲሆን አልቻልኩም። ሰው ነኝ። "ፓርኪንግ ልክፈል" ብዬ ተነሳሁ።

"በስልክ ይከፈል የለም እንዴ?" አለች ባለቤቴ።

"ኔትወርክ እምቢ አለኝ።"

እያየችኝ ዝም አለች። ያ ዝምታ ዋጋ እንደሚያስከፍለኝ ያኔ መገመት ነበረብኝ።

ከቦርድዎኩ ወረድ ብሎ የማውቀው አንድ የሸርጣን ቤት አለ። እዚህ ላይ ንስሐ የሚገባ ነገር አለኝ። ሸርጣን መብላት ያስተማረኝ የባልቲሞር ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አውቃለሁ፣ ክንፍም ቅርፊትም የለውም። የኦሪቱን ሕግና ፍልሰታን በአንድ ሳህን ላይ ጣስኩ። ለነገሩ ሳህንም የለው፤ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ወረቀት ይነጠፍና እንፋሎቱ ሳይበርድ ይዘረገፍልሃል። መዶሻም ይሰጡሃል፤ የእንጨት።

ግማሽ ደርዘን አዘዝኩ። የእኔ ስሌት አስር ደቂቃ ነበር። ሸርጣን ግን በአስር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ገልብጠህ ሆዱ ላይ ያለችውን ምላስ የመሰለች ክዳን ትነቅላለህ። ከዚያ ጀርባውን ፈልቅቀህ ታነሳለህ። ላባ የመሰሉትን መተንፈሻዎቹን ትጥላለህ፤ አይበሉም። ለሁለት ትሰብራለህ። ከዚያ እያንዳንዷን ክፍል እየፈለፈልክ የምታገኛት ሥጋ የጥፍርህን ያህል ናት። ጣፋጭ ናት፣ አልዋሽም። ግን በድብቅ የሚበላ ምግብ ሳንድዊች ነው እንጂ ሸርጣን አይደለም። በመዶሻ እየቀጠቀጡ በድብቅ መብላት የት ይገኛል? ሰዓቴን ሳየው ሃምሳ ደቂቃ ሆኖኛል፤ ገና አራተኛው ላይ ነኝ።

ዋናው ጣጣ ቅመሙ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሸርጣን ያለ ቅመም አይቀቀልም፤ ከሁሉም የታወቀው ኦልድ ቤይ ነው። ጉስታቭ ብሩን የሚባል ከናዚ ጀርመን ያመለጠ አይሁዳዊ ቅመም ነጋዴ ባልቲሞር መጥቶ በ1939 የጀመረው ነው። ስሙን የወሰደው በቼሳፒክ ቤይ ላይ ይመላለስ ከነበረ የመርከብ ድርጅት ነው። ቀይ በርበሬ አለው፣ ቁንዶ በርበሬ አለው፣ የሰለሪ ጨው አለው። ብርቱካንማ ሆኖ ጥፍር ሥር ይገባል። በሎሚ አጠብኩ። በሳሙና አጠብኩ። በእርጥብ መጥረጊያ ፈተግኩ። ጠፋ ብዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

"ምነው ቆየህ?" አሉ አማቴ።

"ሰልፍ ነበር እማማ።"

"ለመክፈል ይሰለፋሉ? ደግ ሕዝብ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ትራሸርስ ተሰለፍኩ። ከ1929 ጀምሮ የሚሸጠው ድንች ጥብስ ብቻ ነው። በኦቾሎኒ ዘይት ይጠበሳል፤ ጨውና ኮምጣጤ ይደረግበታል። ኬቻፕ ብትጠይቅ የለም። ይሄንን ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፤ ፈረንጅ ሳያውቀው ለፍልሰታ የሠራው ምግብ ነው። ትልቁን የወረቀት ባልዲ ገዛሁና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"በል አንተ ያዘው፤ እንጸልይ" አሉ።

የአማቴ ጸሎት አጭር አይደለም። በአባታችን ሆይ ይጀምራል፣ በእመቤቴ ማርያም ያልፋል፣ ከዚያ ዘመድ በስም ይጠራል። አዲስ አበባን ጨርሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርሱ ላብ ግንባሬ ላይ ወረደ። በእጄ ጠረግኩት። ከዚያ ዓይኔን አሸሁ።

ቅመሙ አልጠፋም ነበር።

በርበሬ ዓይኑ ገብቶበት የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በግራ ዓይኔ ጀመረ፤ ለማስታገስ ስል ቀኙንም በዚያው እጅ ነካሁት። እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። መጮህ አልችል፣ ጸሎት ነው። ባልዲውን አቅፌ እንደ ዕውር ተቀመጥኩ። ያኔ ክንፍ ፊቴን መታኝ። አንድ ወፍ መሰለኝ። ልጆቼ በኋላ እንደነገሩኝ ግን ስድስት ናቸው። የኦሽን ሲቲ የባሕር ወፎች የትራሸርስን ባልዲ ከሰው በላይ ያውቁታል። አንዷ ባልዲው ውስጥ እስከ አንገቷ ገባች። እኔ ያለቦታው እጄን አወናጨፍኩ፤ ድንቹ እንጨቱ ላይ ተበተነ፤ አማቴ "አሜን" ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ባልዲው ባዶ፣ እኔም እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ።

"ኧረ ልጄ! ለድንች ይለቀሳል?"

"አይደለም እማማ..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። ጸሎቱ ነው ልብህን የነካህ።" የሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፣ እጆቼንም ያዝ አድርገው ጠረጉልኝ። ከዚያ ቆም አሉ። ነጩ ነጠላ ላይ ብርቱካንማ ነገር ተስሏል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

ልንገራችሁ፤ እኚህ ሴትዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ ያዘጋጁ ናቸው። ድልህ አሽትተው የማን ቤት እንደሆነ ይናገራሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የፓርኪንግ ማሽኑ ላይ የነበረ ነገር ነው" አልኩ።

"የፓርኪንግ ማሽን ቁንዶ በርበሬ አለው?"

ትንሹ ልጄ እጄን አሸተተና "ክራብ! ክራብ ይሸታል!" ብሎ ጮኸ። አማቴ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "ምን አለ?" ባለቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ነጠላውን አየች። ሕይወቴ በሷ እጅ ነበረች። "ባሕሩ ይሸታል ነው የሚለው እማዬ" አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለኔ፦ "እስከ እንቁጣጣሽ ዕቃ ታጥባለህ።"

ሁለተኛ ባልዲ ገዛሁ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ነጠላውን አልብሳው ያዘችው። አማቴ አንድ ቀመሱ፣ ሁለት ቀመሱ። "ድንቹ ደህና ነው። ግን ጎደለው።" ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ዳጣ ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን አሳፍረው ያመጡት ዳጣ፤ እኔ ሳላውቅ ባሕርም ተሻግሮ ኖሯል። ኬቻፕ የለም ነው እንጂ ዳጣ የለም ያለ የለም። ድንቹ በዳጣ፣ በላዩ ኮምጣጤው ሲጨመር... በቃ ሌላ ነገር ነው። አጠገባችን ያለ ፈረንጅ አየ አየና "ከየት ነው የገዛችሁት?" አለን።

ቀጥሎ ፊሸርስ ሄድን። ከ1937 ጀምሮ ካራሜል ፈንዲሻ የሚሸጥ ቤት ነው። አማቴ "ቅቤ ቅቤ ይሸታል" ብለው አልነኩትም። ግን ልጆቹ ፈንዲሻውን ሲይዙ ሲያዩ ግራ ገባቸው። "ፈንዲሻ ካለ ቡናውስ?" ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ፔርሙሳቸውን ከፍተው ባሕሩን እያዩ የጠጡት ቡና ከጉዞው ሁሉ የወደዱት ነገር እሱ እንደሆነ እስካሁን ይናገራሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቼ የወሰድኳቸው ቤታችን ያፈሉትን ቡና ሊጠጡ ነው።

ስንመለስ፣ ከኦሽን ሲቲ ስትወጡ ሩት 50 ላይ "ሳክራሜንቶ 3073" የሚል ምልክት አለ። መንገዱ ካሊፎርኒያ ድረስ ስለሚሄድ ነው፤ ቁጥሩም በማይል ነው። ባለቤቴ ምልክቱን አየችና "ፓርኪንግ የከፈልከው እዚያ ድረስ ሄደህ ነው እንዴ?" አለችኝ። አማቴ ከኋላ ዝም አሉ። ተኝተዋል ብዬ ተጽናናሁ።

ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አማቴ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍተው የቅመም ዕቃዎቻችንን አንድ በአንድ ያሸታሉ። ቢጫና ሰማያዊ ቆርቆሮ እጃቸው ላይ ነው። ኦልድ ቤይ። አሸተቱ። እኔን አዩኝ። ደግመው አሸተቱ። ምንም አላሉም። ማታ ሽሮው ላይ ነስንሰውት ቀረበ። ለክፉ አይሰጥም።

ጾሙ ተፈታ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ የኔም የዕቃ አጠባ አለቀ። አማቴ ሁለት ቆርቆሮ ሻንጣቸው ውስጥ ከተው አዲስ አበባ ገቡ። ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁ፣ ስለ ሥራ ጠየቁ። ከዚያ እንደ ቀልድ፦

"ሰው ሲመጣ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ላክልኝ እስቲ። ያንን የፓርኪንጉን ቅመም።"