ወረቀቱ የተጻፈው ለሚሸና ሰው ነው

እማዬ 5 ዓመት ሙሉ ሰኞና ሐሙስ የኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። ሽንት ካየች ቆይታለች። በዚህ ላይ የታይሮይድ ካንሰር ተጨመረ። እጢው በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ለቀረው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ማለትም ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን ያለበት እንክብል፣ ትውሰድ ተባለ።

ዝግጅቱ ብዙ ወሬ የለውም። የታይሮይድ ኪኒኗን ለሳምንታት አቆመች፤ በኮዬ ፈጬ ንፋስ ብርዱ አንዘፈዘፋት። አዮዲን ያለው ጨው፣ ወተትና እንቁላል ተከለከለች። ሰኞ ታጠበች፤ ማክሰኞ እንክብሉን ዋጠች፤ ሁለት ሌሊት ለብቻዋ ተኛች። ሐሙስ ጠዋት ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱን።

መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ ቶሎ ቶሎ ይሽኑ።» ሳቀች። እሷ ውኃ የምትጠጣው ተለክቶ ነው፤ ካበዛች ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን አዮዲን በሽንት ያስወጣዋል። የእሷ ዋና መውጫ ማሽኑ ነው። እስክትታጠብ ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል።

እጥበት ማዕከሉ በር ላይ ወረቀቱን አሳየሁ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፤ ማሳየቴ ሳይሆን የዚያን ዕለት ማሳየቴ። ተረኛዋ ሲስተር «ከነፍሰ ጡር ይራቁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ወንድሜ፣ ጨረር ያለበት ሰው አናስገባም። ከሳምንት በኋላ አምጣት።»

ሳምንት! ያለ እጥበት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሐኪሙ ስልክ አያነሳም። ካንሰሩን የያዙት የኩላሊቶቹ ያውቃሉ ብለዋል፤ የኩላሊቶቹ ደግሞ ማንም ምንም አልነገራቸውም። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ያበጠ እግሯን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ጉድጓዱ እስኪሞላ ትቆጥራለች። ሲስተሯ ላይ ጮህኩባት። አብራት የምትሠራው ልጅ ነፍሰ ጡር እንደሆነች ያወቅኩት በኋላ ነው። አሁንም ያሳፍረኛል።

የገላገለን የሆስፒታሉ የጨረር ባለሙያ ነው። በስልክ አስረዳት። ጥግ ያለ አልጋ፤ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ነርስ፤ ጓንትና የላስቲክ ሽርጥ። መርፌ ሲገባ ብቻ ቀረብ፣ ከዚያ ራቅ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ3 ሰዓት ደርሰን በ9 ሰዓት ማሽን ላይ ወጣች። ሰኞ መለኪያ ይዞ መጣ። ከእጥበት በፊት ሲጮህ የነበረው ከእጥበት በኋላ ረገብ አለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እንክብሉ ከመዋጡ በፊት ሁለቱን ሐኪሞች ፊታችሁ በስልክ አገናኙ። መጠኑ ለእጥበት ታካሚ ታስቦ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው እጥበት በስንት ሰዓት እንደሆነ ያጽፉላችሁ። እጥበት ማዕከሉ ካልተስማማ አይዋጥ፤ ቀጠሮው ይለፍ ባይ ነኝ። ተለይቶ የመቆያውንም ቀን ከወረቀቱ አትቁጠሩ፤ ይለካልን በሉ። ሚኒባስ እንዳታስቡት። ጠያቂ ጎረቤት ሲመጣ እኔ በር ላይ ቆሜ «ጉንፋን ይዟታል» እያልኩ ዋሽቻለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። ማታ ሲስተሯ ቱቦውንና ፊልተሩን በፌስታል አስራ፣ በሁለት ጣቷ ይዛ «ይሄንንም ውሰደው» አለችኝ። ይሄ አዮዲን በየ8 ቀኑ በግማሽ ነው የሚቀንሰው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ላስቀምጠው? ለባለሙያው መልሼ ደወልኩ። ቀን ተጽፎበት ሆስፒታሉ ማከማቻ ገባ።