መብራት ሲሄድ የሚመጣብኝ ሰው

ሰባተኛዋ እንጀራ ዓይን አውጥታ ሳትጨርስ መብራት ሄደ። አክንባሎውን ከፍቼ አየኋት። ግማሿ በስሏል፣ ግማሿ ገና ሊጥ ነው። ባልዲው ውስጥ ደግሞ የሠላሳ እንጀራ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ነገ እትዬ ቤት ማኅበር አለ፤ እንጀራው በእኔ ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ጎረቤት ጠርቼ "እናንተም ጋ ሄደ?" ብዬ እገላገል ነበር። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያቱ ከሥራ ቦታ የተሰጠኝ የዕድገት ደብዳቤ ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት። ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ ዋልኩ። ሻማ ለኮስኩና ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ ሁሌም የሚመጣብኝ ሰው አለ። ከፈለጋችሁ ሳቁ። የናይጄሪያ ሚኒስትር ነው። የቀድሞ።

አንድ ጊዜ የናይጄሪያዋ ትልቅ ከተማ ሌጎስ ኖሬ ነበር። ያከራዩኝ ሴትዮ ማማ ቲ ይባላሉ። መብራት በሄደ ቁጥር ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው "ፋሾላ!" ይሉ ነበር። እርግማን ይሁን ጸሎት አይለይም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መስሎኝ ነበር።

ያ ሚኒስትር፣ ባባቱንዴ ራጂ ፋሾላ፣ ጠበቃ ነው። የዛሬው ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ሌጎስን ሲገዙ የጽሕፈት ቤታቸው ኃላፊ ነበር። ከ2007 እስከ 2015 ድረስ ደግሞ ራሱ የሌጎስ ግዛት ገዥ ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ማማ ቲ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ስለ ሌላ ፋሾላ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። "የእኛ ገዥ ሳይረን አያስነፋም ነበር" ይሉኛል። "እንደ እኛው ትራፊክ ውስጥ ይቀመጣል!" የሌጎስን ትራፊክ ያየ ይህ ስንት ዋጋ እንዳለው ያውቃል።

በ2008 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ማይል 12 ከሚባለው ሰፈር ወደ ሌጎስ ደሴት ተከፈተ። በ2012 ሁለት ወታደሮች፣ አንደኛው ኮሎኔል፣ በዚያ መስመር መኪናቸውን ሲነዱ ገዥው ራሱ ወርዶ አስቆማቸው። ወታደር ለረጅም ዘመን በገዛው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማማ ቲ ይህን ሲያወሩ ተነስተው ነው፤ አንዴ ኮሎኔሉን ይሆናሉ፣ አንዴ ገዥውን። ከድልድይ ሥር ቆሻሻ የነበረበት ቦታ አበባ ተተከለ። "ኤኮ ኦ ኒ ባጄ" የሚለውን መፈክር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሌጎስ አትበላሽም ማለት ነው።

አንድ እሑድ ሌኪና ኢኮዪ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚያገናኘውን ድልድይ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። በ2013 የተመረቀ፣ በኬብል የተወጠረ፣ ማታ ማታ የሚያበራ ድልድይ ነው። ማለፊያውን ከፍለን ተሻገርን። ዞረን፣ እንደገና ከፍለን ተመለስን። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረንም።

እህታቸው ግን የፋሾላ ስም ሲነሳ ትነሳና ትወጣለች። ኦሾዲ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። በጥር 2009 ዶዘር ገባ። መንገዱ ተከፈተ፣ ሌባውም ቀነሰ፣ የእሷም ጠረጴዛ አብሮ ሄደ። በ2012 ውሃ ላይ ከተሠሩት የማኮኮ ቤቶችም ብዙ ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት ኦካዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች ከብዙ መንገዶች ታገዱ፤ በሞተር እንጀራ የሚበላ ሰው ስንት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት እህትማማቾች መሃል፣ ሁለት ፋሾላ ነበር። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ ዝም ነው።

ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ኢቦላ ነው። በሐምሌ 2014 አንድ የታመመ መንገደኛ ከላይቤሪያ ሌጎስ ገባ። ያንን ሁሉ ሕዝብ በያዘ ከተማ! ዓለም እስትንፋሱን ያዘ። ዶክተር ስቴላ አዳዴቮህ ሰውየውን ከሆስፒታል አልለቅም አለች፤ ከእሱ በያዛት በሽታ ሞተች። ከታመሙት ጋር ንክኪ የነበራቸው 894 ሰዎች አንድ በአንድ ተፈልገው ተገኙ፣ በየቤታቸው 18,500 ገደማ ጊዜ ተጎበኙ። 20 ሰው ታመመ፣ 8 ሞተ፣ በቃ። በጥቅምት ናይጄሪያ ከኢቦላ ነፃ ተባለች። የፌዴራሉም የግዛቱም ሰዎች አብረው የሠሩት ነው፣ የእሱ ብቻ አይደለም። ሌጎስ ላይ ግን ገዥው እሱ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው በኅዳር 2015 ሚኒስትር ሆነ። ያውም የሦስት መሥሪያ ቤት ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ፤ ኃይል፣ መንገድና ግንባታ፣ ቤቶች። ሌጎስን ያስተካከለ አገሩንም ያስተካክላል ነው ነገሩ።

አበባ ይታያል። አውቶቡስ ይታያል። መብራት ግን የሚታየው ሲጠፋ ነው።

በዚያ ላይ ገዥ ሳለ ግብሩን የምትሰበስበው ሌጎስ ራሷ ነበረች፤ ዶዘሩም አበባ ተካዩም የእሱ ነው። ሚኒስትር ሲሆን ምን ጠበቀው? ማመንጫዎቹና አከፋፋይ ድርጅቶቹ በ2013 ለግል ተሸጠዋል። መንግሥት እጅ የቀረው በዋናነት መሃል ያለው ሽቦ ነው። ጋዙ የሚመጣው ከኒጀር ዴልታ ነው፤ በ2016 ታጣቂዎች ቧንቧውን ያፈነዱ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ የአገሪቱ ማመንጫ ለሰዓታት ዜሮ ገባ። ዜሮ! ታሪፉ ወጪውን አይሸፍንም ነበር፣ ብዙ ቤት ቆጣሪ አልነበረውም፣ ሒሳብ በግምት ይመጣ ነበር። ማማ ቲ የግምቱን ወረቀት በመግነጢስ ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል። ፍሪጁ ግን አይሠራም፣ ቁም ሣጥን ሆኗል።

ታዲያ ለምን ይራገማል ትሉ ይሆናል። አፉ ነዋ! ፓርቲው በፌዴራል ደረጃ ተቃዋሚ ሳለ፣ ቁም ነገረኛ መንግሥት የመብራትን ችግር በስድስት ወር ይፈታዋል አለ ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ኋላ እንደዚያ አላልኩም እያለ ሲከራከር ከረመ። ለአፍ ዳገት የለውም። ሥልጣን ሲይዝ ስድስት ወሩ ቀረና ሦስት ደረጃ መጣ። መጀመሪያ ቀስ በቀስ የሚጨምር መብራት፣ ከዚያ የማይዋዥቅ መብራት፣ በመጨረሻ የማይቋረጥ መብራት። ማማ ቲ አንድ ማታ ሻማ እየለኮሱ "እኛ ስንተኛው ላይ ነን?" አሉኝ። ከዚያ ወጥተው ትንሿን ጄኔሬተር ጎተቱ። ያቺን ጄኔሬተር ሕዝቡ ያወጣላት ስም "ከጎረቤቴ እሻላለሁ" ነው። ከዚህ የበለጠ ስም ሰምቼ አላውቅም።

በ2019 ኃይሉ ለሌላ ሚኒስትር ተሰጠና መንገድና ቤቶች ቀሩለት። የኃይል ሚኒስትሩ ኃይል አጣ እያለ ተረበኛው ተጫወተበት። በዚያው ዓመት መንገዶቻችን እንደሚወራው አይደሉም ብሎ ሌላ ቁጣ አስነሳ። በጥቅምት 2020 ተቃውሞ የወጡ ወጣቶች የተተኮሰባቸውን የሌኪ የክፍያ ኬላ ሊጎበኝ ሄዶ መሬት ላይ ትንሽ ካሜራ አገኘና በመሐረብ አነሳት። አገሩ ሁሉ መርማሪ ፋሾላ አለው። በሰው ሐዘን መሃል ሆኖ ሳቁ ራሱ ያስጠላል፤ እኔም ግን ስቄአለሁ። ኮሎኔል ያስቆመ ሰው!

በ2023 ከመውረዱ በፊት አሳባንና ኦኒቻን የሚያገናኘው ሁለተኛው የኒጀር ድልድይ ተመረቀ። ሕዝብ ለዘመናት ሲጠብቀው የነበረ ድልድይ ነው። ለማማ ቲ ፎቶውን ላክሁላቸው። "ፋሾላን አይተውታል?" አልኳቸው። "እኔ ኦኒቻ ምን ልሠራ?" ብለው መለሱልኝ።

ሰውየው ነው የተለወጠው ወይስ ወንበሩ? ግማሽ ምክንያት አለው እላለሁ፤ ማብሪያው እጁ ላይ አልነበረም። ግን ማብሪያው ማን ጋ እንዳለ ሳይጠይቅ ነው የተቀመጠው? የከበረ ጠበቃ፣ ውል ማንበብ ሥራው የሆነ ሰው? ለመሆኑ ያ የእኔ ደብዳቤ ማብሪያው ማን ጋ እንደሆነ ይጽፋል? ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አይጽፍም። የተሽከርካሪ አበል ግን አለው።

ሌጎስ ላይ መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "አፕ ኔፓ!" ብሎ ይጮኻል። ኔፓ የድሮው የመብራት ድርጅት ስም ነው። ስሙ ከተቀየረ ዘመን ሆኖታል፣ ልጆቹም በኔፓ ዘመን ያልተወለዱ ናቸው። ማን አስተማራቸው? የእኛ ብሎክ ልጆችስ "መጣ!" ብለው አንድ ላይ የሚጮኹት

ቆይ። እየጮኹ ነው። ለካ መብራቱ ከመጣም ቆይቷል።

የሆነ ነገር ይሸታል።

ምጣዱን ሳላጠፋው ነው የተቀመጥኩት። ሰባተኛዋ ግማሿ እንጀራ፣ ግማሿ ከሰል ሆናለች። ሊጡ ከባልዲው ወጥቶ ወለሉ ላይ ነው። ስልኬ 4 በመቶ ላይ ሆኖ ጠራ። እትዬ ናት።

"ስንት ደረሰልሽ?"

"ስድስት ተኩል።"

"ሰዓቱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"