የጸሎቴን መልስ ይዞልኝ የመጣው ሯጭ

ይህን የምጽፈው ስእለቴን ለመፈጸም ነው። ልጄ ከእሳት ከተረፈች፣ የተደረገልኝን በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር። ግን የምመሰክረው ስለ ልጄ ብቻ አይደለም። ስለ አንድ የጅማ ልጅም ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሯጩ» ይለው ነበር። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። የእናቱ ሐዘን ገና ትኩስ ስለሆነ ስሙን አላወጣም።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። የጀመራት ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ድንገት ዓይኗ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ሰውነቷ ይደርቃል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣታል። ስትነቃ ምንም አታስታውስም። «እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ከሁሉ የምፈራው እሳቱን ነበር። በእኛ ቤት ምድጃው መሬት ላይ ነው። ከሰሉ፣ ጀበናው፣ የፈላው ወጥ ሁሉ በልጅ ቁመት ነው ያለው። በዚህ በሽታ ምክንያት እሳት ላይ ወድቀው ፊታቸው የተጎዳ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። በወንጌል ያ አባት ስለ ልጁ ሲናገር፣ ብዙ ጊዜ ወደ እሳትና ወደ ውኃ ይጥለዋል ይላል። ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር የእኔን ቤት የሚያውቅ ይመስለኛል። ጸሎቴ አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ እኔ በሌለሁበት ሰው አቁምላት» እል ነበር። ማታም ይኸው፣ ጠዋትም ይኸው።

አንድ ቅዳሜ ለጎረቤት አደራ ብዬ እዚያው ጅማ ወዳለው መርካቶ ወጣሁ። ክረምት ነው፤ የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስመለስ የጎረቤቴ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጉልበቴ ከዳኝ። እየተጋፋሁ ስገባ ልጄ በጎኗ ተኝታለች። ከራሷ ሥር የታጠፈ የቱታ ጃኬት አለ። አጠገቧ ሯጩ ተንበርክኮ የእጅ ሰዓቱን ያያል።

የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ጎረቤቴ ቡና እየቆላች ነበር። ሯጩ ከጅሬን ዳገት ልምምዱን ጨርሶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በደጃፉ ሲያልፍ ልጄን አያት። ምድጃው አጠገብ ቆማ ዓይኗ ሲሰቀል ወዲያው ገባው። ዘሎ ገብቶ ከሰሉ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀለባት። አንዷ ክብሪት ጭራ ልታሸታት፣ ሌላዋ በጥርሷ መካከል ማንኪያ ልታስገባ ተሯሯጡ። ሁሉም በደግነት ነው፤ ሲደረግ ያዩት እሱን ነው። «ተዉ፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ጥርሷ ይሰበራል፣ ልትታነቅም ትችላለች። ክብሪቱም ቢያቃጥላት እንጂ አያነቃትም» አላቸው። ከዚያ እጅና እግሯን ሳይዝ፣ ያለውን ዕቃ ከአጠገቧ አራቀ። መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኗ አስተኛት።

እኔን ሲያይ «አይዞዎት እትዬ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ከአምስት ካለፈ ነው ሆስፒታል የምንሮጠው» አለኝ። ሩጫውን በሚለካበት ሰዓት የልጄን ጭንቅ ይለካላት ነበር።

ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየው ቀና አለና «እኔንም ይጥለኛል» አለ። እንዲሁ ነው ያለው፤ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። በሰፈራችን ይህን ቃል ስለ ራሱ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ጓዳ ነው የሚውለው። ሠርግ አይወሰድም፣ ሲያድግ ለጋብቻ አይጠየቅም። እሱ ግን በቁመቱ ልክ ቆሞ ተናገረው።

እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ጅማ ላይ አጥር ተጋርቶ መኖር ብርቅ አይደለም። እግዚአብሔር የጸሎቴን መልስ በማን እጅ እንደሚልክ እኔን አላማከረኝም።

በማግስቱ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ እሱ ራሱ ባጃጅ ይዞ መጣና ሆስፒታል ወሰደን። ሐኪሙ ታግሶ አስረዳኝ። አንጎል የሚሠራው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ያ መልእክት ድንገት በአንድ ላይ ሲቀሰቀስ ሰው ይወድቃል። አይተላለፍም፤ አረፋውም ተራ ምራቅ ነው። በአግባቡ ከታከሙት ከአስሩ ሰባቱ ያህል ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል አዘዘላት። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ዋጋው የማይከብድ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ተሻላት ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። በድንገት ሲቆም በሽታው ብሶ ይነሳል።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጠበል እያለ ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። «መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረው? ጠበሉንም ትጠጣ፣ ክኒኑንም ትዋጥ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ከዚያ ለመዳት። መውደቁ እየራቀ ሄደ፤ በኋላም ጭራሽ ተዋት። ልጄ ዛሬ ጀበና ታነሳለች። ለእኔ ይህ ተአምር ነው፤ ተአምር ነው ብዬም እመሰክራለሁ።

ስለ ሯጩ ግን ገና አልጨረስኩም።

በትምህርት ቤት ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር። ምራቋ ይይዘናል ብለው ነው። ሯጩ ይህን ሲሰማ «ጓደኞቿን ቤትዎ ይጥሯቸው» አለኝ። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮ ሠራሁ። ከልጄ ጋር ከአንድ ሳህን በላ። አጎረሳት፣ አጎረሰችው። የተረፈውን ውኃዋን አንስቶ ጠጣ። ልጆቹ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ስለ ሯጮች ያጫውታቸው ጀመር። ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በ1996 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ፈረንሳዊት ብስክሌተኛ ማሪዮን ክሊኜ ብር ሜዳሊያ አግኝታለች አላቸው። ደራርቱ ወርቅ ባጠለቀችበት በ2000 ሲድኒም ደግማዋለች። ልጄ ስሙን መያዝ አቅቷት ለረጅም ጊዜ «ያቺ የኔ ብጤ ፈረንሳይ» ትላት ነበር።

እሱ እንኳ ሜዳሊያ አላጠለቀም። አንድ ክለብ ሊይዘው ሲል በሽታውን ራሱ ተናገረ፤ ሳይወስዱት ቀሩ። «ደብቀህ ብትገባስ?» ያሉት ነበሩ። «ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ማወቅ አለበት» ነበር መልሱ። በዚያ ሰሞን እናቱ ብዙ አለቀሰች። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያሯሩጣቸው ጀመር። ጫማው ሳያልቅ ለሌላ ይሰጣል። የአሮጊቶችን ጀሪካን ሳይሸከም አያልፍም።

ጥንቃቄው ደግሞ ይገርመኛል። ብቻውን አይሮጥም፤ ሁሌም አብሮት የሚሮጥ ጓደኛ አለው። ብቻውን ውኃ ውስጥ አይገባም። እንቅልፍ ማጣት እንደሚቀሰቅስበት ያውቃልና በጊዜ ይተኛል። በረመዳን ሐኪሙን አማክሮ የክኒኑን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሁር አደረገው። ከቁምጣው ኪስ አንድ ወረቀት አትጠፋም። ዝናብ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልሏታል። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከወደቅኩ በጎኔ አስተኙኝ። አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱኝ» ትላለች፤ ከሥሯ የእናቱ ስልክ አለ። ለልጄም እንደዚያው ያለ ጽፎ በደብተር ቦርሳዋ ከተተላት።

ባለፈው ጥቅምት አረፈ። የእሱ በሽታ ሌሊት ሌሊት ነበር የሚመጣው፤ መድኃኒቱን ሳያጓድል እየዋጠ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተወውም። ንጋት ላይ የሩጫ ጓደኛው በር ሲያንኳኳ እናቱ ልትቀሰቅሰው ገባች። በእንቅልፉ ሄዷል። ሐኪም እንደነገረን፣ ይህ በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል በዓመት ከሺህ አንዱ ያህል እንዲህ በድንገት ይሞታል። ሌሊት በሚጥላቸው ላይ ደግሞ ይበረታል።

የዚያን ዕለት ሰፈሩ እንዴት እንደሆነ አልናገርም፤ አልችልምም። ያሯሩጣቸው የነበሩት ልጆች ቱታቸውን እንደለበሱ ጀናዛውን ተከተሉ።

እኔ ቤቴ ገብቼ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟገትኩ። የእኔን ልጅ ከእሳት ያወጣ እጅ እንዴት ይወሰዳል? የእኔ ጸሎት ሲሰማ የእናቱ ዱዓ የት ሄደ? መልስ አላገኘሁም። እስከ ዛሬም እጠይቃለሁ። ምስክርነት ስሰጥ ይህን ዘልዬ ባልፍ እውነት አይሆንልኝም።

እናቱን ለማጽናናት ሄጄ ያጽናናችኝ እሷ ናት። ልጄን ይዤ ለመግባት አፍሬ ነበር፤ ልጇን ላጣች እናት የዳነችውን ልጄን ማሳየት ከበደኝ። እሷ ግን ጎትታ አቅፋ ሳመቻት። «እኔ ዱዓ የማደርገው በሰው ፊት እንዳይዋረድብኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አንገቱን ሳይደፋ ነው የኖረው» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ስለ ልጄ መድኃኒት ጠየቀችኝ፤ መቼ እንደምትወስድ፣ ማን እንደሚያስታውሳት።

አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በአጥሩ በኩል ትጣራለች። «ዋጠች ወይ?» ትላለች። «ዋጠች!» እላታለሁ። አንዳንዴ ልጄ ቀድማኝ «ዋጥኩ እማማ!» ብላ ትጮኻለች። ቀጠሮ ሲደርስ ሆስፒታል አብራን ትሄዳለች።

ስእለቴ ይኸው ነው። እኔ በሌለሁበት ሰው አቁምላት ብዬ ለመንኩ፤ እሱን አቆመልኝ፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ እናቱን። ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በየእምነታችሁ ስትጸልዩ እናቱን አስቡልኝ። ሌሊቱ ይረዝምባታል።