የዶሮ ቀልድ በአማርኛ

ትናንት ማታ ቺክን ፖሊስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ጨረስን። «ጨረስን» ያልኩት ታናሽ እህቴም ስላለችበት ነው። ማውሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከጎኔ ቁጭ ብላ «እሱን ተወው፣ መጀመሪያ ስልኩን ንካው» እያለች ምርመራውን የመራችው ግን እሷ ናት። እንግሊዝኛው ሲፈጥንባት እተረጉምላታለሁ። ስድስት ማታ ፈጀብን።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። የሠሩት ዘ ዋይልድ ጀንትልሜን የሚባሉ ሀንጋሪያውያን ናቸው። ክላውቪል በምትባል ከተማ ነዋሪው ሁሉ እንስሳ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሥዕል አይደሉም። በሰው ገላ ፎቶ ላይ የእንስሳ ጭንቅላት ፎቶ ተገጥሞ ነው የተሠሩት። ክራቫት ያሰረ አውራ ዶሮ መጀመሪያ ስታየው ትስቃለህ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ዶሮነቱን ትረሳዋለህ። ሰኒ ይባላል፤ ዕድሜው የገፋ፣ ኑሮ ያደከመው መርማሪ ነው። ናታሻ የምትባል የምሽት ክበብ ዘፋኝ ድመት ማስፈራሪያ ይደርሳትና ጉዳዩ እሱ ጋ ይመጣል። ከተኳረፉ ዓመታት ያለፋቸውን የድሮ ባልደረባውን ማርቲን ሄዶ ይፈልገዋል። ማርቲም አውራ ዶሮ ነው። ሁለቱ መነታረክ ከጀመሩ በኋላ ስለ ወንጀሉ መጨነቃችንን ለጊዜው ትተነዋል።

ስክሪኑ ከሞላ ጎደል ጥቁርና ነጭ ነው። ዘይቤው ኑዋር የሚባለው ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። አንድ ፈረንሳዊ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካኖቹን የወንጀል ፊልሞች በዚህ ስም ከጠራ ወዲህ ቃሉ እዚያው ቀረ። ዝናብ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ለራሱ የሚያወራ መርማሪ፣ ማንም ንጹሕ ያልሆነባት ከተማ። ይህን ሁሉ ዶሮ ሲናገረው ያስቃል፣ ሐዘኑ ግን አይጠፋም። እንዲያውም እየሳቅህ ሳለህ ስለሆነ የሚደርስብህ የበለጠ ይሰማሃል። ነፍሳቱ ከሌላው ተለይተው የሚኖሩበት ዘ ሃይቭ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ስንገባ እህቴ ዝም አለች። ትርጉምም አልጠየቀችኝም።

ከጌሙ በላይ ያስቸገረኝ ቀልዱን መተርጎም ነው። በስሞቹ ላይ ያለው የቃላት ጨዋታ ወደ አማርኛ አይመጣም፤ ተውኩት። «ቺክን» በእንግሊዝኛ ፈሪ ማለትም ነው። «ዶሮ» ስል ግን ለእህቴ ፈሪ አይታያትም። በእኛ ቋንቋ ጅብ ሆዳም ነው፣ ጦጣ ብልጥ ናት። አንድ እንስሳ በር ከፍቶ ሲገባ እሷ በአማርኛ ትጠረጥረዋለች፣ ጌሙ ደግሞ በሌላ ቋንቋ ያስጠረጥረዋል። ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት ያላግባብ የጠረጠረችው ሰው አለ። ሰው አልኩ። እንስሳ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሳቁ ጉዳይ መጣ። ጽሑፉን አንብቤ ቀድሜ እስቃለሁ። እሷ ፊቴን ታያለች። ስተረጉምላት ቀልዱ ሞቷል። በሁለተኛው ማታ «እስክትነግረኝ አትሳቅ» ብላ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው።

ያኔ ሳምና ማክስ ትዝ አለኝ። ኮት የለበሰ ውሻና ጥንቸል መሳይ ጓደኛው በመርማሪነት የሚዞሩበት፣ ሉካስአርትስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ጌም ነው። ከእሱ በፊት በነበሩት ብዙዎቹ የድርጅቱ የጀብዱ ጌሞች ስክሪኑ ግርጌ ላይ «ክፈት፣ ግፋ፣ አንሣ» የሚሉ ግሦች ተደርድረው ነበር። እዚህ ግሦቹን አነሷቸውና በቀኝ ክሊክ መልኩን የሚቀያይር ጠቋሚ ተኩባቸው። ንግግር ላይም የምትመርጠው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ትንሽ ሥዕል ነው። ምክንያቱም ቀልድን ከመስማትህ በፊት ካነበብከው ይበላሻል። እኛ ቤት የተፈጠረውን ችግር እነሱ ያኔ ፈትተውታል። በጣም ነው ያከበርኳቸው።

እኔም አንድ ዘዴ አገኘሁ። ጽሑፉ ብቅ እንዳለ ቶሎ አነበዋለሁ፤ ተዋናዩ ተናግሮ ሳይጨርስ በሰኒ ድምፅ በአማርኛ እለዋለሁ። ቃል በቃል አይደለም። ሰኒ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ እንዴት እንደሚለው። ከዚያ በኋላ አብረን መሳቅ ጀመርን።

የተጠርጣሪ ምርመራው ላይ ግን እርጋታ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰውየው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ፍንጭ ይሰጥሃል። ኩሩ ከሆነ በአንድ መንገድ፣ ፈሪ ከሆነ በሌላ መንገድ ትቀርበዋለህ። ጥያቄህ ወደ ጉዳዩ ሲጠጋ ስክሪኑ ላይ ያለው መለኪያ ከፍ ይላል፣ ሲርቅ ይወርዳል። የመጀመሪያው ላይ ቸኩዬ በቀጥታ አፋጠጥኩት፤ መለኪያው ወረደ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ እህቴ። ከዚያ ወዲህ የምንጠይቀውን የምትመርጠው እሷ ሆነች። እኔ የማላየውን ታያለች። ሰው ሲያወራ ቃሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው የምታዳምጠው።

ትናንት መጨረሻው አካባቢ ደብተሬ ላይ ስለ አንድ ፍንጭ እየጻፍኩ ነበር። ማርቲ የሆነ ነገር አለ። እህቴ በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሰማሁትም።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ቆይ፣ ልንገርህ» አለችኝና ጉሮሮዋን ጠረገች። በማርቲ ድምፅ፣ በአማርኛ።