ግማሽ ቮልቷ የት ገባች?

ዛሬ ከሐይቁ ተመለስኩ። ፋይበር ግላሱ ክንዴን እያሳከከኝ ነው፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ትንሽም አፍሬያለሁ። እንቅልፍ ስላልመጣ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው በጥሩንባ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ጋ ሰው በጀልባ የሚያዝናኑ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ፣ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ጀልባቸው ከሌሎቹ ለየት ትላለች። ሐይቃችን ላይ የምታዩአቸው አብዛኞቹ ከላይ ሸራ የለበሱ ክፍት ጀልባዎች ናቸው፣ የእሳቸው ግን ከፊት በኩል ሁለት ሰው የምታስተኛ ጠባብ ክፍል አለቻት። መሪው ከክፍሏ ኋላ ነው፣ ሞተሩና ባትሪው ደግሞ መጨረሻ ላይ። ውጭ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ዘንድሮ ሲመጣ በሻንጣው ጂፒኤስና የጥልቀት መለኪያ አንድ ላይ የያዘ ስክሪን አመጣላቸው። ልጃቸው ስክሪኑን ከመብራቱ መስመር ላይ ቀጠለው። በራ። ሁሉም ደስ አለው።

ከዚያ ጉማሬ ለማየት የመጡ እንግዶች ጭነው ሲሄዱ ጥሩንባውን ነፉ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። በራ። እንደገና ነፉ፣ እንደገና ጠፋ። እንግዶቹ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

ማታውኑ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ እያት። ጀልባዋን ታውቃታለህ እኮ» አሉኝ። «ታውቃታለህ እኮ» የምትለዋን ያኔ ልብ አላልኳትም።

የእኔ ሥራ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ የመጣው ሁሉ። ጀልባም ያው 12 ቮልት ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ያው ነው፣ ግን ያው አይደለም። መኪና ላይ ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር ታስረዋለህ፣ በቃ፣ ብረቱ ራሱ መመለሻ ነው። ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከባትሪ እስከ መሪው የሄደው ሁሉ በሌላ ገመድ መመለስ አለበት። 7 ሜትር ርቀት ማለት 14 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ይቺ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል።

ዳሽቦርዱን ከፈትኩት። አምላኬ። በየዘመኑ የመጣ ሁሉ የየራሱን ገመድ ጨምሮ ሄዷል፣ የድሮውን ያነሳ ግን የለም። አንዱ ገመድ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ተከታተልኩት፣ መጨረሻ ላይ የትም አይሄድም። ተቆርጦ የተንጠለጠለ ነው። ለመሪው ኃይል የሚያመጣው ዋናው መስመር ደግሞ 1.5 ካሬ (ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ፣ ያውም ነጠላ ክር፣ ለቤት መብራት ግድግዳ ውስጥ የምንቀብረው ዓይነት። ግድግዳ አይንቀጠቀጥም፣ ጀልባ ግን ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ነጠላ ሽቦ ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ቆይቶ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ይላል።

ጥሩንባውን፣ መብራቱን፣ ስክሪኑን ሁሉንም አብርቼ ለካሁ። 8 አምፒር ገደማ ይስባል። ባትሪው ጫፍ ላይ 12.5 ቮልት፣ መሪው ጋ 10.6። እንግዲህ ስክሪኑ ቢጠፋ ምን ይገርማል፣ የሚበላው አጥቶ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ቀድጄ ሒሳቡን ሠራሁ። 1.5 ካሬ መዳብ በሜትር 0.012 ኦም ገደማ አለው። በ14 ሜትር 0.17፣ በ8 አምፒር ሲባዛ 1.36 ቮልት። ቴስተሩ ግን የጠፋው 1.9 ነው ይለኛል። የቀረችው ግማሽ ቮልት የት ገባች? ሽቦው ብቻውን አይበላትም። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ላይ የሚበላት ነገር አለ ማለት ነው። ግማሽ ቮልት በ8 አምፒር 4 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን አንድ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ላይ ተሰብስቦ ከሆነ ይሞቃል።

ለማንኛውም አዲሱን መስመር በ6 ካሬ፣ ባለ ብዙ ክር ገመድ ለመዘርጋት ወሰንኩ። በዚህ ውፍረት የሚጠፋው 0.35 ቮልት ብቻ ነው፣ የጀልባ ሠሪዎች ለዋና መስመር ከሚፈቅዱት 3 በመቶ በታች። ለጀልባ የሚመከረው መዳቡ በቆርቆሮ የተለበጠ ገመድ ነው፣ እንዳይዝግ። ፒያሳ ሱቆቹን ሁሉ ዞርኩ፣ የለም። ተራውን ወሰድኩ። ሐይቃችን ጨው የለበትም፣ ጫፉን በደንብ ከዘጋሁት ይይዛል ባይ ነኝ። ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ ግን አልተውኩትም፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ከመጣው ላይ አንዷን ቀይ ቁራጭ ጦጣ ወሰደችብኝ። አሞራ ገደል ጦጣ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዛፍ ላይ ወጥታ እያየችኝ አኘከችውና መልሳ ጣለችው። የሚበላ አለመሆኑን ቀድማ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።

ገመዱን ወደ መሳቡ ልምጣ። ገመዱ ከባትሪው ተነስቶ በወለሉ ሥር፣ በክፍሏ ግድግዳ ጠርዝ አድርጎ ነው ወደ መሪው የሚወጣው። እጅ የሚያስገባ ቦታ የለም። ስለዚህ የታወቀችውን ዘዴ ተጠቀምን፣ አዲሱን ገመድ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስረህ አሮጌውን ከወዲያ ስትስበው አዲሱ ተከትሎ ይመጣል። ረዳቴ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሞ በፕላስተር ጠቀለላቸው። እኔ ከመሪው በኩል ሳብኩ። አንድ ሜትር መጣ፣ ሁለት ሜትር መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ሳብኩ። እምቢ። ትንሽ ለቅቄ ሳብኩ። እምቢ።

ረዳቴ ቀጭን ነው፣ እግዜር ይስጠው። በደረቱ እየተሳበ ወለሉ ሥር ገባ። የስልኩ መብራት ብቻ ይታየኛል። ቆየ። ከዚያ «እዚህ እብጠት አለ፣ ቀዳዳው አላሳልፍ ብሎት ነው» አለ። በፒንሳ እንዲቆርጠው ነገርኩት። አቧራ ለብሶ እያስነጠሰ ወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሁለት ሽቦ ተጠማዞ በፕላስተር የታሰረ ነው። ሙጫው ቀልጦ እንደ ማር ይለጥፋል፣ መሃሉ ጠቁሯል። ግማሽ ቮልቷ እዚህች ውስጥ ነበረች። «ምን ዓይነት እንዝህላል ነው ይሄን ወለል ሥር ቀብሮ የሚሄደው!» ብዬ ተናገርኩ፣ ጮክ ብዬ።

ረዳቴ ግን ቋጠሮዋን አገላብጦ አያትና ሳቀ። «ይሄማ የኛ ነው» አለ።

ፕላስተር ጠቅልዬ ስጨርስ መጨረሻዋን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ ትንሽ ምላስ የመሰለች ነገር እተዋለሁ። በኋላ ለመፍታት ጥፍር አያስቸግርም። ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ ናቸው ያሳዩኝ፣ እኔ ደግሞ ለረዳቴ አሳይቼዋለሁ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያደርጋት አላየሁም። ከቋጠሮዋ ጎን ያቺ ምላስ ቁጭ ብላለች። ታጥፋ። ረዳቴ የዚያን ቀን ጠዋት ከጠቀለላት ጋር አንድ ናት።

ያኔ ትዝ አለኝ። 2009 ጥር፣ የሠርግ ሰሞን፣ ሙሽሮች ጀልባዋ ላይ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ መብራቱ ጠፋና ጋሼ አስጠሩኝ። ጨልሟል፣ ሙሽራዋ ዳር ላይ ቬሎዋን ሰብስባ ቆማለች፣ ሚዜዎቹ «ቶሎ በል» ይላሉ። የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዤ፣ ጠቅልዬ፣ አበራሁላቸው። እልል ተባለ። ለጋሼም «ይሄ ለጊዜው ነው፣ ነገ ጠዋት መጥቼ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። የሄድኩ አይመስለኝም። ቋጠሮዋን ኪሴ ከተትኳት። ለጋሼ የዚያን ሰዓት አልነገርኳቸውም።

የቀረው ሥራ ከዚያ በኋላ በዝምታ ነው የሄደው። ገመዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አስገባሁ፣ የፋይበር ግላስ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው። ካፖኮርዳውን (ገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባውን የብረት ማያያዣ) በፒንሳ ደፍጥጬ ሳይሆን በትክክለኛው መጨመቂያ አሰርኩት። ፊውዙን ከባትሪው ከ18 ሳንቲሜትር ሳይርቅ አደረግሁ። ብዙ ሰው ፊውዝ ዕቃውን የሚጠብቅ ይመስለዋል፣ ዋናው ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ ስለዚህ መነሻው ላይ ካልሆነ መሃል ላይ ገመዶቹ ቢነካኩ ጀልባዋ ትቃጠላለች። ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ ደግሞ ከማብሪያዎቹ ሁሉ ለይቼ በራሱ ፊውዝ ቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት። ሁሉ ነገር ተጠፍቶ ሰው ቤቱ ሲተኛም ውሃ ከገባ እሱ መነሳት አለበት።

የጥልቀት መለኪያው ገመድ ትንሽ አጨቃጨቀን። ከኋላ፣ ውሃው ውስጥ ካለው አነፍናፊ ተነስቶ ስክሪኑ ድረስ ይመጣል፣ ጫፉ ላይ ግን ወፍራም ሶኬት አለው። ቀዳዳው አላሳልፍ አለ። ረዳቴ ፒንሳውን አንስቶ «ቆርጠን እናሳልፈውና እንቀጥለው?» አለ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ነገር እየነካሁ ጮህኩበት። ደንግጦ ፒንሳውን ጣለ። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት። ያ ገመድ አይቆረጥም፣ መለኪያው ጥልቀቱን የሚያውቀው ድምፅ ወደ ታች ልኮ ምላሹን በመስማት ነው፣ የሚመጣበት ምላሽ ደግሞ በጣም ደካማ ነው፣ ቅጥያ ካለበት ይበላሻል። ቀዳዳውን በድሪል አሰፋነው፣ አለቀ። ከሞተሩ ወፍራም ገመዶችም አርቀን በሌላኛው ጎን አሳለፍነው።

አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ኮምፓስ አለች። ማብሪያውን ስጫን መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። አጠፋሁ፣ ተመለሰች። አበራሁ፣ ዞር አለች። ትምህርት ቤት ፊዚክስ መምህራችን በአንድ ባትሪና በአንድ ሽቦ ያሳየን ነገር ነው፣ ኧርስቴድ የሚባል ዴንማርካዊ በፈረንጆቹ 1820 ያገኘው። ረዳቴን ጠርቼ አሳየሁት፣ አሥር ጊዜ አብርቶ አጠፋ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሂያጁንና ተመላሹን ገመድ እንደ ሹሩባ ጠምዝዘህ ታሳልፋቸዋለህ፣ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ጠመዘዝኳቸው። መርፌዋ ፀጥ አለች።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁን በጠዋት ነው መያዝ። ዓሣ አጥማጆቹ እየገቡ ነበር፣ አባ ኮዳዎቹ ዳር ላይ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። የታቦር ተራራ ከኋላችን። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ 4፣ 7፣ 11 እያለ ወረደ። ሐይቃችን ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው፣ ጋሼ ግን ልክ እንደ ውቅያኖስ በኩራት ነው የሚያነቡት። ድምፁ 15 ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሰከንድ ሃምሳኛ ያህል ብቻ እንደሚፈጅበት ስነግራቸው «ታዲያ አንተ ስምንት ዓመት ምን አቆየህ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። መሪው ላይ ናቸው፣ ወደፊት ነው የሚያዩት።

ቋጠሮዋን ከኪሴ አውጥቼ ከኮምፓሷ ጎን አስቀመጥኳት። «ጋሼ፣ ይቺ የኔ ናት» አልኩ።

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አልከኝ። ቆሮሶ አስጠብሼ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኩህ። ዓሣህን ድመት በላው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?» አልኩ፣ እንደ ሕፃን።

«መብራቱ ይሠራ ነበራ!» አሉና ጥሩንባውን ረዥም ነፉት። ረዳቴ ከኋላ ሳቀ። ስክሪኑ አልጠፋም፣ 15.2 ይላል።