በሰበብ አስባቡ፦ አራት ወር የጁሪ ምርጫ ፍርዶችን ሳነብ

ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ፈተና እየተዘጋጀሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቃላት መሸምደድ ሲሰለቸኝ እውነተኛ ፍርዶችን ወደማንበብ ዞርኩ። የያዝኩት አንድ ርዕስ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ክሱን ሰምተው ፍርድ በሚሰጡ ሰዎች) ምርጫ ስለሚፈጸም የዘር አድልዎ የሰጣቸው ውሳኔዎች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናዬን ይዤ፣ አንድ ፍርድ። አራት ወር ሆነኝ።

ወደዚህ የገባሁት አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው። እዚህ አሜሪካ ጁሪ ሲመረጥ ዐቃቤ ሕጉም የተከሳሹ ጠበቃም የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይናገሩ ማስወጣት ይችላሉ። እኛ አገር የሚፈርዱት ዳኞች ብቻ ስለሆኑ ነገሩ በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። "ተቃውሞ" ብዬ ሞከርኩ፤ አልሆነም። የሚቃወም ሰው ለምን ሲባል መልስ አለበት። አሁን "ያለ ምክንያት ማሰናበት" እያልኩ ነው። ይረዝማል፤ ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አድልዎ የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ለምን ተብሎ የማይጠየቅ ሰው፣ ማንን በምን እንዳስወጣ በምን ይታወቃል?

የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1880 ከተፈረደው ከስትራውደር ጉዳይ ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ጁሪ መሆን የሚችሉት ነጭ ወንዶች ብቻ ናቸው ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ጣለው። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ የተቀየረው ዘዴው ነው። በ1953 በተወሰነው የኤቨሪ ጉዳይ ጆርጂያ ውስጥ የነጮች ስም በነጭ ወረቀት፣ የጥቁሮች ስም በቢጫ ወረቀት ተጽፎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ዳኛ እጁን ሰድዶ ያወጣል። ከወጡት 60 ያህል ሰዎች አንድም ጥቁር አልነበረም። ቢጫዋ ወረቀት እስካሁን ከዐይኔ አልጠፋችም።

የ1965ቱን የስዌይን ጉዳይ ሳነብ ተናደድኩ። አድልዎ አለ የሚል ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ የሆነውን ብቻ ማሳየት አይበቃውም ተባለ፤ በብዙ ጉዳዮች ላይ የተደጋገመ ልማድ መሆኑን ያስረዳ ማለት ነው። እስር ቤት የተቀመጠ ሰው ያንን ሁሉ መዝገብ ከየት ያመጣል? ይህ የተቀየረው ከ21 ዓመት በኋላ ነው። በ1986 በባትሰን ጉዳይ የኬንታኪ ዐቃቤ ሕግ አራቱንም ጥቁር ዕጩዎች አሰናብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተከሳሹ የሚያስጠረጥር ነገር ካሳየ ዐቃቤ ሕጉ ከዘር ጋር ያልተያያዘ ምክንያት መስጠት አለበት። ምክንያቱ እውነት ይሁን ሰበብ የሚለየው ዳኛው ነው።

ምክንያት ግን አይጠፋም። በ1995 አንድ ዐቃቤ ሕግ ሰውየውን ያስወጣሁት ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ፣ ጢምም ስላለው ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ ገና በሚሰጥበት ደረጃ ላይ አሳማኝ መሆን አይጠበቅበትም አለ። ለዚያ ደረጃ ውሃ የማያነሳ ምክንያትም በቂ ሆነ። እኔም ለብዙ ሳምንት የምለፋው እያንዳንዱን ምክንያት ለብቻው በመመዘን ነበር፤ ሁሉም ሲነበብ ትንሽ ትንሽ እውነት ይመስላል።

አነባበቤን የቀየረው የ2005ቱ የሚለር ኤል ፍርድ ነው። ዳላስ ውስጥ ሊመረጡ ከሚችሉ 11 ጥቁሮች አሥሩ ተሰናበቱ። ፍርድ ቤቱ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ የተባረሩትንና የቀሩትን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጥቁሩን ያስባረረው መልስ ነጩን ካላስባረረው ምክንያቱ ሰበብ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ መሃል ለመሃል መስመር አሰምራለሁ። በግራ የወጡት፣ በቀኝ የቀሩት።

በ2019 የተወሰነውን የከርቲስ ፍላወርስን ጉዳይ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት። ሚሲሲፒ ውስጥ በአንድ ክስ ስድስት ጊዜ ለፍርድ የቀረበ ሰው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም ያው አንድ ሰው። በስድስተኛው ችሎት ለተሰናበቱት አምስት ጥቁሮች 145 ጥያቄ ቀረበላቸው። ለተመረጡት 11 ነጮች በድምሩ 12። አንዱ ወገን በነፍስ ወከፍ 29 ጥያቄ፣ ሌላው አንድ ገደማ። ብዙ የተጠየቀ ሰው አንድ ቦታ ላይ መሰናከሉ አይቀርም፤ ሰበቡም የሚገኘው እዚያ ነው። ፍርዱ ተሻረ፤ ክሱም በ2020 ተዘጋ።

የፎስተር ጉዳይ ደግሞ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ነው። ሰውየው በ1987 ጆርጂያ ውስጥ ሞት ተፈርዶበታል። ከዓመታት በኋላ ጠበቆቹ የዐቃቤ ሕጉን የሥራ ማስታወሻ በመረጃ ነፃነት ሕግ አስወጡ። የጥቁር ዕጩዎች ስም በሙሉ በአረንጓዴ ቀለም ተሰምሮበታል፤ አጠገቡ "ቢ" የምትል ፊደል አለች፤ የእንግሊዝኛው "ብላክ" (ጥቁር) መነሻ። ፍርዱ እስኪሻር 2016 ደረሰ። ያ ወረቀት ባይገኝ ኖሮስ?

አስተርጓሚ ለምንሆን ሰዎች ግን ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው የ1991ዱ የሄርናንዴዝ ፍርድ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ስፓኒሽ የሚችሉ ዕጩዎችን አስወጣ። የምስክሩን ቃል በቀጥታ ስለሚሰሙ የአስተርጓሚውን ትርጉም ብቻ ለመቀበል የሚያመነቱ መሰለኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቀበለው፤ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪን ሁሉ በደፈናው ማስወጣት ግን ሰበብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም በዋናው አስተያየት ውስጥ ሰፍሯል።

ይህን ሁለት ቅዳሜ አነበብኩት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ዜግነት የወሰደች አንዲት እናታችን ለጁሪ ተጠርታ ትመጣለች እንበል። ምስክሩ በአማርኛ ይናገራል፣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ምስክሩ "እንዴት አድርጎኝ" ሲል የኔ እንግሊዝኛ ምን ያህሉን እንደያዘ በዚያ ክፍል ውስጥ ሊያውቅ የሚችለው እሷ ብቻ ናት። እንድትወጣ የሚደረገውም ይህንኑ ስለምታውቅ ነው። የጁሪው ማስረጃ አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው ስጋት ይገባኛል። ግን መመሪያ ሰጥቶ፣ አስምሎ ማስቀመጥ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ያለሁት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ የነበሩት ተርጉድ ማርሻል በባትሰን ላይ ለብቻቸው የጻፉት አስተያየት ላይ ነው። ያለ ምክንያት ማሰናበት ጨርሶ ይቅር ብለው ነበር። የአሪዞና ግዛት ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አስቀርቶታል። የሚቀጥለው ቅዳሜ የማነበው የአሪዞናን ደንብ ነው። ለ"ያለ ምክንያት ማሰናበት" አጠር ያለ አማርኛ ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ችሎት ላይ ሦስት ቃል ለመናገር ጊዜ አይሰጥም።